ቀኑ ያልተሞላ ወረቀት

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱ ከሜሪላንድ፣ አንዱ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አቃቂ አካባቢ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን የማውቀው ከፋይል መደርደሪያው፣ ከችሎት ወንበርና ከገዛ ጥፋቴ ነው።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? 25 ዓመቴ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሠርቻለሁ። ደመወዜ 3,000 ብር ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቻችንን ጠሩንና ‹ትእዛዝ ጠፍቷል፣ ሰው ልንቀንስ ነው› አሉን። ከዚያ ለየአንዳንዳችን ወረቀት አደሉን። ‹በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ› ይላል። የፈረመ የአንድ ወር ደመወዝ ወዲያው ይቀበላል፤ ያልፈረመ ምንም አያገኝም ተባልን። እስከ ሰኞ አስቡበት ብለውናል። አብረውኝ ቤት ከተከራዩት ልጆች ሦስቱ ፈርመዋል። ኪራይ ደርሶብናል። ወላይታ ያለችው እናቴ አልሰማችም። አንዲት ጎረቤቴ ‹ምን ያጨናንቅሻል፣ ዐረብ አገር ሂጂ› ትለኛለች። ልፈርም ወይ?» — ከሐዋሳ

መልስ

ልጄ፣ መጽሔቱ እስኪወጣ ሰኞ ስለሚያልፍ በስልክ ነግሬሻለሁ። እዚህ የምደግመው ለሌሎቹ ነው። አትፈርሚ።

«በገዛ ፈቃዴ» የምትለዋ ቃል ስንት ብር እንደምታወጣ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ ፈቃድ ለሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚፈቅደው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። አንቺ አራት ዓመት ከሁለት ወር ነሽ። ስለዚህ ከፈረምሽ ስንብትሽ ዜሮ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይምሰልሽ።

ቀንሰውሽ ከወጣሽ ሒሳቡ ሌላ ነው። እስክሪብቶ ያዢ። 3,000 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 100 ብር ይመጣል። (ሕጉ የሚይዘው የመጨረሻውን ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ እኔ እንዲቀለን ብዬ ነው።) ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 3,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 1,000 ብር። ሦስት ዓመት ጨምረሻልና 3,000። እዚህ ላይ 6,000 ደረስን፤ ሁለቷን ወር ለጊዜው እንተዋት። በቅነሳ ለተሰናበተ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፣ 6,000። ለቅነሳ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁለት ወር ነው። ሳያስጠነቅቁ «ነገ አትምጪ» ካሉሽ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ሌላ 6,000።

18,000 ብር። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ገና አልገባበትም። እነሱ በእጅሽ ሊያስጨብጡሽ የፈለጉት 3,000 ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሕጉ «ቅነሳ» የሚለው ከሠራተኛው ከመቶ አሥር እጅ ያላነሰውን ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ስንት ሰው እንደተጠራ ቁጠሪ። ስም ዝርዝር ያዢ። የ60 ቀኗ ክፍያ በዚህ ቁጥር ላይ ልትንጠለጠል ትችላለች። ማን ይቀነስ የሚለውንም አሠሪው ብቻውን አይወስንም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ከሚነኩት ውስጥ ናቸው። ከመስመራችሁ ነፍሰ ጡር ተጠርታ ከሆነ ይህን ንገሪያት።

ይህን ሁሉ እንዴት በቃሌ ያዝኩት? እኔም አስፈርሜያለሁ። አለቃዬ ወረቀቱን በጽሕፈት መኪና ያስመታኝ ነበር፤ ግማሽ ገጽ ናት። ስም፣ የሥራ መደብ፣ «ክፍያዬን በሙሉ ተቀብዬ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ»፣ ፊርማ። ቀን የሚለው ቦታ ነጥብ ነጥብ ነው። «ቀኑን ተይው» ይለኛል። በኋላ እሱ ራሱ ወደ ኋላ ጎትቶ ይሞላዋል፤ ሰውየው ከሁለት ወር በፊት የተነገረው ይመስላል። አንዲት የፈትል ክፍል ሴት ነበሩ፣ ማንበብ አይችሉም። «ይቺ ምን ትላለች ልጄ?» አሉኝ። «የክፍያ ናት» አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ነጠላዋ ላይ ሰማያዊ ነገር ቀረ። ከወራት በኋላ «ቀሪ ክፍያዬን» ብለው ሲመጡ ፋይሉን አውጥቼ አሻራቸውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ምንም አላሉም። አሻራውን ትንሽ አዩትና ሄዱ።

ስለዚህ ወረቀት ሲሰጥሽ መጀመሪያ ቀኑን እይው። ባዶ ከሆነ በራስሽ እጅ ሙዪው። «ቀንሳችሁኛል ካላችሁ የቅነሳ ደብዳቤ ስጡኝ» በይ። ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ገንዘብ ከሰጡሽ ተቀበዪ፤ ግን ከፊርማሽ በላይ የተቀበልሽውን ልክ በቁጥር ጻፊና «ቀሪ መብቴን ሳልተው» ብለሽ ጨምሪ። «ይህን መጻፍ አይቻልም» ካሉሽ ያን ጊዜ በደንብ ተጠራጠሪ። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የፓርኩ መታወቂያሽን ከመመለስሽ በፊት በፊትም በጀርባም አንሺው። ደመወዝሽ በባንክ የሚገባ ከሆነ የአራት ዓመቱን ስቴትመንት ባንክ ሄደሽ አስወጪ፤ ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ በነፃ ሊሰጡሽ ግዴታቸው ነው፦ ምን ትሠሪ እንደነበር፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ።

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝሽ የሚደርስ ቅጣት ሊጨምርባቸው ይችላል። አንቺም ግን ሰዓት ይቆጠርብሻል። «ወደ ሥራዬ መልሱኝ» የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመጣ ክፍያ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ። ያን ካሳለፍሽ እውነትሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም። ከዚያ በፊት የከተማችሁ የሥራና ክህሎት ቢሮ ተቆጣጣሪና አስማሚ አለው፤ እዚያ ሂዱ። «ሂዱ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ብቻሽን አትሂጂ።

የፈረሙት ሦስቱ ልጆችስ? ዳገት ነው፣ ግን ያበቃለት ነገር አይደለም። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሐሙስ፣ በአንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ «በገዛ ፈቃዱ» ሥራ ይለቃል? ይህን ለዳኛ ማሳየት ይቻላል።

ትእዛዝ ጠፋ ማለታቸው ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ የተገነባበት ተስፋ አንድ ነበር፦ ልብሱ በአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ በኩል አሜሪካ ይገባል። ኅዳር 2014 ላይ ቶሚ ሂልፊገርና ካልቪን ክላይን የሚባሉትን የልብስ ብራንዶች የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ያለ አጎዋ አንዳንዱ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ይጣልበታል፤ ገዢው ሌላ አገር ይሄዳል። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ሐዋሳ ላይ የቤት ኪራይሽን ይነካል ማለት ነው። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ልጆቹ ያን ሁሉ ዓመት የሠሩት በምን ደመወዝ ነበር? በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባወጡት ጥናት የጀማሪ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ ማን ምን ቆጥቦ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል? የሥራ አጥ መድን የሚባል ነገር አገራችን ውስጥ የለም። ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው የሚወድቅበት ፍራሽ ያቺ የስንብት ክፍያ ብቻ ናት። እሷንም በአንድ ፊርማ ይስቧታል።

ዐረብ አገሩን በተመለከተ፣ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ዕድሜሽም ሕይወትሽም ያንቺ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑን ወጪ የጫነው አሠሪው ላይ ነው። ያንቺ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ማስረጃና የብቃት ምስክር ወረቀት ናቸው። «ለቪዛ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ ያ ሰው ደላላ ነው። የስንብት ብሯን ሲሸት የሚመጣው እሱ ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ሳታረጋግጪ ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ።

ለእናትሽ ደውዪ። ከሌላ ሰው ከሰማች ይብሳታል።

ጥያቄ

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሰዓቴን ቀነሱ፣ ቀነሱ፣ በመጨረሻ ‹ሌይ ኦፍ ሆነሃል› አሉኝ። ጓደኞቼ ‹አንኢምፕሎይመንት ሙላ› ይሉኛል። እኔ በሰው አገር የመንግሥት ምጽዋት መብላት ሞቴ ነው። ደግሞስ ሰው ቢሰማ?» — ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ ከላይ ያለችውን የሐዋሳ ልጅ ደብዳቤ አንብብና እንደገና ጠይቀኝ።

እሺ፣ ቀልዱን ልተወው። ‹አንኢምፕሎይመንት› የምትለው ነገር ምጽዋት አይደለም፣ የሥራ አጥ መድን ነው። አሜሪካኖች ከ1935 ጀምሮ በሕግ የያዙት ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አሠሪህ በአንተ ደመወዝ ላይ እያሰላ ለግዛቱ የሥራ አጥ መድን ታክስ ሲከፍል ኖሯል። ከአንተ ቼክ ላይ ስለማይቆረጥ አላየኸውም እንጂ ላንተ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። መኪናህ ቢገጭ ኢንሹራንስ አትጠይቅም? ታፍራለህ?

ዛሬ ሙላው። የሚቆጠርልህ ከሥራ ከወጣህበት ቀን ሳይሆን ከጠየቅህበት ነውና ያፈርክበት ሳምንት ሁሉ የጠፋ ሳምንት ነው። ሜሪላንድ ላይ እስከ 26 ሳምንት ይሄዳል። በየሳምንቱ ገብተህ ማረጋገጥ አለብህ፤ ሥራ እየፈለግህ መሆኑንም መዝግበህ መያዝ። መሃል ላይ አንድ ሁለት ቀን ሠርተህ ካገኘህ ጻፈው። ካሽ ስለሆነ አይታወቅም የሚሉህን አትስማ፤ በኋላ ከነቅጣቱ መልስ ይሉሃል።

ሰው ቢሰማ ላልከው፦ እዚያ ካሉት የአገርህ ልጆች ስንቱ በኮሮና ጊዜ ሞልቶ እንደነበር ቡና ላይ ጠይቅ።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ባለቤቴ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ከወጣ ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል። ይህን የነገረኝ ግን እሱ አይደለም። ጓደኛዬ አራት ኪሎ፣ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ አየችው። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ደውዬ አረጋገጥኩ። እሱ እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ማታ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ይመጣል። ‹ሥራ እንዴት ዋለ?› ስለው ‹ኦዲተሮች አስጨነቁን› ይለኛል። በደመወዝ ቀን ብር ያመጣል፤ ከየት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ልጆቹ ምንም አያውቁም። እንደማውቅ ልንገረው ወይስ ራሱ እስኪነግረኝ ልጠብቅ?» — ከአዲስ አበባ

መልስ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አፈርኩ። ያፈርኩት በራሴ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ፋብሪካው እኔንም ሲቀንሰኝ ለቤተሰቤ ሳልናገር 11 ቀን ከቤት እየወጣሁ ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ የወይራ ዛፍ ነበረች፣ ሥሯ ድንጋይ አለ። ምሳዬን እዚያ እበላለሁ። በስድስት ሰዓት አይርበኝም፣ ግን ምሳ ዕቃው ባዶ ካልሆነ ማታ ይታወቅብኛል ብዬ እበላዋለሁ። ያስቸገረኝ ቀን የግቢው ዘበኛ ውኃ ያመጡልኝ ቀን ነው። ምንም አልጠየቁኝም። ጆጉን አስቀመጡልኝና ሄዱ። የሌላውን ሰው የስንብት ደብዳቤ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ምንም አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ማታ ነው። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ሲሉኝ። አንቺ በደግ ልብ ነው የምትጠይቂው፤ አሁን ግን መልሱን እያወቅሽ ነው። በጠየቅሽው ቁጥር አንድ ውሸት ይጨምራል፤ ውሸቱ በበዛ ቁጥር መመለሻው ይርቀዋል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ተዪው።

አትጠብቂ። ንገሪው። ልጆቹ ፊት አይሁን፣ ማዕድ ላይም አይሁን። ዘመድ ሰብስበሽ ሽምግልና ብትቀመጪማ ጨረስሽው። ጠዋት፣ ሸሚዙን ሊተኩስ ሲል፣ ካውያውን ያዢና «አውቃለሁ። ዛሬ ምሳ እዚህ እንብላ» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። «ለምን ደበቅከኝ?» የሚለው ሌላ ቀን ይደርሳል። ሊቆጣ ይችላል፤ ወጥቶም ሊሄድ ይችላል። ይመለሳል።

ስለ ብሩ ግን አንድ ሁለት ቀን ቆይተሽ መጠየቅ አለብሽ። ሁለት ደመወዝ ከየትም አልወደቀም። ዕቁብ ቀድሞ አውጥቶ ይሆናል፣ አራጣም ሊሆን ይችላል። አራጣ ከሆነ በየወሩ ይከብዳል፤ የወርቅ ሐብልሽም ቢሆን ለዚህ ነው። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ወይም «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ዓይነት ንግግር ከሰማሽ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበዪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አራት ኪሎን አልንቅም። ስንቱ እዚያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ አንብቦ ሥራ አግኝቷል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ተመራማሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍለው ነበር። ለአንዱ ቡድን ወደ መሃል ከተማ መጥቶ ሥራ የሚፈልግበት የታክሲ ብር ሰጡ። ሌላውን ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አሠልጥነው፣ ችሎታውን ፈትነው፣ ውጤቱን የሚያሳይ ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ቡድን ተጠቀመ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ገቢው ከፍ ብሎ የተገኘው ሁለተኛው ነው። ባለቤትሽ ወጣት ላይሆን ይችላል። ነገሩ ግን ያው ነው፦ የሚችለውን በወረቀት ማሳየት። የድሮ ሲቪውን አብራችሁ አውጡት። የትኛውን የሒሳብ ሶፍትዌር እንደሚሠራበት፣ ታክስ ስንት ዓመት እንዳሳወቀ ተጽፏል? ብዙ የሒሳብ ሰው «ታማኝና ታታሪ» ብሎ ይጽፍና ይህን ይረሳዋል።

አሁን ደግሞ ለምን አትጠብቂ እንዳልኩሽ። ሁለት ወር ተኩል ሆኖታል ብለሻል። ያለ አግባብ አባርረውት ከሆነ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚከስበት ሦስት ወር ሊሞላ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ለክፍያው ሦስት ወር ተኩል ይቀረዋል። ሲወጣ ምን እንደፈረመ አንቺ አታውቂም። ምናልባት እሱም አላነበበው ይሆናል፤ ሒሳብ ሠራተኛ የሌላ ሰው ወረቀት ነው የሚያነበው። ያን ደብዳቤ ፈልጉት። የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው የሚሆነው፤ የእኔ እዚያ ነበር። ስታገኙት መጀመሪያ ቀኑን እዩት።